ቀይ ያልተሰመረበት ካርድ

ደብረ ብርሃን፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ሃያ ዓመት በክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣችው የሺመቤት እና ቦታዋን የተካችው ልጇ ብሌን፣ በግቢያቸው በር ላይ።

የሺመቤት፦ ቆይ፣ እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።

ብሌን፦ ታጥቤያለሁ እማዬ።

የሺመቤት፦ ቀለሙ አልለቀቀም። ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም ጣትሽ ሰማያዊ ብቻ። ስትገቢ አይቼው ነበር እኮ፣ ልብ አላልኩትም። ቀዩ የታለ?

ብሌን፦ የምን ቀይ?

የሺመቤት፦ ካርድ ስጽፍ ዋልኩ አላልሽም?

ብሌን፦ ኮምፒውተሩ ክራሽ አድርጎ ነው አልኩሽ። ከሰዓት በኋላ ለመጣው ሰው ሁሉ አዲስ ካርድ በእጄ ጻፍኩ። በቃ። ዝጊውና እንግባ፣ ይበርዳል።

የሺመቤት፦ ክራሽ! ሥራ የገባሽ ሰሞን መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጌዋለሁ። መኪና ሲጋጭ፣ አውሮፕላን ሲከሰከስ፣ ገበያ ሲንኮታኮት፣ ማሽን ድርግም ሲል። ለዚህ ሁሉ መዓት አንድ ቃል! ያን ቀን ነው የጠላሁት።

ብሌን፦ አንዱን ዘለልሽው። ሰው ደክሞት ዝርግት ብሎ ሲተኛም ነው። እኔ አሁን እሱን ላደርግ ነው።

የሺመቤት፦ አትቀልጂ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ካርዱ ጥግ ላይ ቀይ ይሰመርበታል። እኔው ነኝ ያሳየሁሽ።

ብሌን፦ የዱሮ ነው እሱ። አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ያስጠነቅቃል።

የሺመቤት፦ ዛሬስ ማን አስጠነቀቀ?

ብሌን፦ እንግባ አልኩሽ እኮ፣ በረደኝ።

የሺመቤት፦ ብሌን!

ብሌን፦ ረሳሁት። ወረፋው በር ድረስ ነው፣ ሰው ይጮሃል… ደግሞ በሽተኛው አፍ የለውም? አይስማማኝም ይላል እኮ።

የሺመቤት፦ ማን ማን መጣ? አንድ በአንድ ጥሪልኝ።

ብሌን፦ አንቺ ደግሞ! አሥራ አንድ ናቸው። የወፍጮ ቤቷ እትዬ ደብሪቱ…

የሺመቤት፦ እሷ ምንም የለባትም። ቀጥይ።

ብሌን፦ የአናጢው መንትዮች፣ መምህር ጌጡ፣ ሰዓት ሠሪው ጋሽ ወንድይፍራው…

የሺመቤት፦ ወንድይፍራው! ምን ሰጡት?

ብሌን፦ አታስደንግጪኝ እንጂ! ሳል ነው። «መርፌ አይስማማኝም» አሉ፣ አዲሱ ዶክተርም መርፌውን ትቶ እንክብል ጻፈላቸው። አየሽ? ሰው ራሱ ይናገራል።

የሺመቤት፦ የቱን እንክብል?

ብሌን፦ አሞክሳሲሊን።

የሺመቤት፦ ያው ነው እኮ ልጄ! ከፔኒሲሊን ጋር ዘሩ አንድ ነው። እሱ የጣለው መርፌው ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ነው የጣለው። የዛሬ አራት ዓመት ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት እፊቴ ነው የተዘረረው። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት ለሱ ብቻ ነው።

ብሌን፦ ከራት በኋላ ይጀምሩ ነው የተባሉት…

የሺመቤት፦ ደውዪለት!

ብሌን፦ ስልካቸው ዝግ ነው።

የሺመቤት፦ እንግዲያው ሂጂ። ሁለት ቅያስ ነው።

ብሌን፦ እማዬ፣ ገና ሙከራ ላይ ነኝ። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። አሁን ሄጄ በር ካንኳኳሁ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አስተካክለዋለሁ።

የሺመቤት፦ ካርዱን ታስተካክዪዋለሽ። እሱንስ?

ብሌን፦ አንቺ ሁልጊዜ የምታዪው ክፉ ክፉውን ነው! ስልክ ካላነሳሁ ቀብረሽኝ ነው የምትጠብቂኝ።

የሺመቤት፦ አዎ። ሃያ ዓመት የሠራሁት በዚሁ ዓይን ነው። ትሄጃለሽ ወይስ በዚህ ጉልበቴ እኔ ልሂድ?

ብሌን፦ ተይ፣ ጫማሽን አውልቂ። እሄዳለሁ። በሩን እንዳትቆልፊው።

የሺመቤት፦ ሩጪ! ደውዪልኝ፤ እያወራሽኝ ሂጂ!

ብሌን፦ ሄሎ… ደርሻለሁ። መብራት በርቷል። ጋሽ ወንድይፍራው! ጋሼ!

የሺመቤት፦ ለምን አይከፍትም? ግፊው!

ብሌን፦ ቆዪ… ክፍት ነው። ገባሁ።

የሺመቤት፦ እሺ? ብሌን? ዋጠው እንዴ? ብሌን!

ብሌን፦ አለሁ። ራት በልተው ጨርሰዋል። ውሃው ተቀድቷል። እንክብሉ መዳፋቸው ላይ ነበር።

የሺመቤት፦ ነበር?

ብሌን፦ አሁን እኔ መዳፍ ላይ ነው።

የሺመቤት፦ አንድም አልዋጠም? ደህና አድርገሽ ቁጠሪው።

ብሌን፦ ቆጥሬዋለሁ፣ ሙሉ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። «እናትሽ ጡረታ ስትወጣ እኔም መታመም ማቆም ነበረብኝ» አሉ። ይኸው እየመጣሁ ነው፣ እግሬን አትሰሚም?

የሺመቤት፦ እሰማለሁ። ግቢ፣ ግቢ፤ ላብሽ በብርድ ይደርቅብሻል።

ብሌን፦ ነገ ለኃላፊዋ ራሴ እነግራታለሁ። ብታባርረኝም ታባርረኝ።

የሺመቤት፦ ታባርርሽ ይሆናል።

ብሌን፦ እናት እኮ «አታባርርሽም» ነው የምትለው!

የሺመቤት፦ አላውቃማ።

ብሌን፦ እማዬ… ኮምፒውተሩ ነገም ላይነሳ ይችላል። የዱሮዎቹን ካርዶች ደግሞ አቃጥለናቸዋል። ቀይ ያሰመርሽባቸው ስንት ነበሩ?

የሺመቤት፦ አርባ አንድ።

ብሌን፦ ስማቸው ትዝ ይልሻል?

የሺመቤት፦ ማታ ማታ መቆለፉን ላረጋግጥ በሩን ሦስቴ እየነካሁ የማጉተመተመው ምን ይመስልሻል? ቁልፉን አቀብዪኝ። … ይኸው፣ ተቆለፈ። በይ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ።