ከሳህኖቹ ጀርባ ስላለው ጽሕፈት

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ቦይታር ጊዜላ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የከተማው ሙዚየም የአዳራሽ ጠባቂ
አድራሻ፦ ሃንጋሪ፣ ሆሞክሴግ ከተማ፣ ማሎም ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 9
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2019፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡15፣ የሆሞክሴግ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኮርሞሽ ባርናባሽ

ሐሰት መመስከር በሕግ እንደሚያስቀጣ መርማሪው ነግሮኛል። ማንም ሳያስገድደኝ ያየሁትንና ራሴ ያደረግሁትን እንደሚከተለው እናገራለሁ።

በሙዚየሙ ሁለተኛ ፎቅ የሸክላ ሥራ ዐውደ ርእይ የሚታይበትን አዳራሽ ስጠብቅ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ጎብኚው የወለሉን እንጨት እንዳይጭር የሱፍ ሽፋን በጫማው ላይ ማጥለቁን ማየት፣ ዕቃ እንዳይነካ መጠበቅ፣ ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ሲሆን ደግሞ የመስታወት ሣጥኖቹን ከፍቶ አቧራ ማንሣት ነው። ስለዚህ የሣጥኖቹ ቁልፍ በእጄ ይገኛል።

ክሱ የተነሣባቸው ሦስት ሳህኖች በመስኮቱ በኩል ባለው አራተኛ ሣጥን ውስጥ የነበሩ ናቸው። በሁለቱ ላይ ወፍ፣ በአንዱ ላይ አበባ አለ። የመግለጫው ካርድ ሦስቱንም የባኮ ሚሃይ ሥራ ናቸው ይላል። ባኮ በከተማችን ታዋቂ የሸክላ ባለሙያ ነበር፤ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ከሳህኖቹ አንዱን ሰብራለች ተብላ የተከሰሰችውን ወይዘሮ ኦርሾያን ያወቅኋት ባለፈው ሚያዝያ ከእናቷ ከወይዘሮ ሀይዱ ቴሬዝ ጋር ለጉብኝት ስትመጣ ነው። እናቲቱ የ87 ዓመት ሴት ናቸው። ወይዘሮ ኦርሾያ ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ እናቷን በባቡር እየያዘች ሙዚየም ለሙዚየም ትዞራለች። ቡዳፔስት፣ ደብረጼንና ከችከሜት ሄደዋል። እማማ ቴሬዝ በወጣትነታቸው በባኮ ሥራ ቤት ተቀጥረው፣ ቀለም በተሞላ ቀንድ ጫፍ ላይ በተሰካ የዝይ ላባ እያንጠባጠቡ ሸክላ ያስጌጡ ነበር። በእኛ ከተማ ይህ ሥራ መሳል አይባልም፣ መጻፍ ይባላል። ባኮ ጭቃውን ያሽከረክራል፣ ሴቶቹ ይጽፋሉ፣ ከጀርባ የሚመታው ማኅተም ግን የባኮ ነው። እማማ ቴሬዝ በየሄዱበት ሙዚየም ካርዱን አያነቡም። ሳህኑን አይተው፣ "ይህ አብራኝ ትጽፍ የነበረችው የዩሊሽ እጅ ነው፤ ግራኝ ናት፣ ቅጠሏ ሁሉ ወደዚያ ይተኛል" ይላሉ። እኔም ሰምቻቸዋለሁ።

በሚያዝያው ጉብኝት አራተኛው ሣጥን ጋ ሲደርሱ ብዙ ቆሙ። ከዚያ እማማ ቴሬዝ ወንበሬ ላይ ለመቀመጥ ጠየቁኝና ለቀቅኩላቸው። ሳህኖቹን የጻፉት እሳቸው እንደሆኑ ለልጃቸው የነገሯት እዚያው ተቀምጠው ነው። ወይዘሮ ኦርሾያ ካርዱ እንዲስተካከል ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከተች። ሁለቱንም ጊዜ የመጣው መልስ ሙዚየሙ በማኅተም እንጂ በቃል እንደማይሠራ የሚገልጽ ነበር። እናቷ ነገሩን እንድትተወው እንደለመኗት፣ እሷ ግን እንደማትተው በሁለተኛው ጉብኝታቸው ነግራኛለች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት አቧራ ሳነሣ ከአንዱ የወፍ ሳህን ጀርባ፣ ከማኅተሙ ራቅ ብሎ፣ ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር በመርፌ የተጫረ ጽሕፈት አይቻለሁ። "ዝናብ" ይላል። በሌሎቹም ላይ ጭረት አለ። ለሙዚየሙ ኃላፊ ለዶክተር ላንቶሽ አኮሽ ነገርኩት። የመሣሪያ ጭረት ነው አለኝ። ጭረት ፊደል እንደማይጽፍ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎች የባኮን ስም እየጠራሁ አስጎብኝቻለሁ።

ትናንት ሐሙስ ከረፋዱ 4፡40 እናትና ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ወይዘሮ ኦርሾያ የሳህኖቹ ጀርባ እንዲታይላት ጠየቀችኝ። እኔ መፍቀድ ስለማልችል ለኃላፊው ደወልኩ። ከዋና ከተማው የመጡ ሦስት እንግዶች ይዞ ስለነበር ከእነሱ ጋር ወደ አዳራሹ መጣ። እማማ ቴሬዝ ከወንበሩ ተነሥተው፣ "ዶክተር፣ እነዚያን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ" አሉት። ኃላፊው በትሕትና ነው የመለሰላቸው። የሁሉም ሰው አያት ሳህን ጽፋለች፣ ሙዚየም ግን ማስረጃ ይፈልጋል አላቸው። ማስረጃው ከጀርባው ነው ሲሉት፣ ሣጥን ለጎብኚ እንደማይከፈት ገልጾ እንግዶቹን ይዞ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ከእንግዶቹ አንዱ ሲስቅ ሰምቻለሁ። እማማ ቴሬዝም ሰምተዋል። ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

እኔም አስቆምኳቸው። ከጀርባው ምን እንዳለ ሣጥኑ ሳይከፈት በፊት በወረቀት ላይ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው። በመግቢያ ትኬታቸው ጀርባ ላይ ጻፉ። የጻፉት "ዝናብ"፣ "ጥርስ"፣ "ተናድጃለሁ" የሚል ነበር። ዝናብ የተባለው ያን ሳምንት ዘንቦ ሳህኑ አልደርቅ ስላለ ነው። ጥርስ የተባለው ኦርሾያ የመጀመሪያ ጥርሷን ያወጣችበት ቀን ስለነበር ነው። ሦስተኛውን ስጠይቃቸው፣ "ባኮ ወፍሽ ወፍራለች፣ አሳንሺያት አለኝ። እኔም ጨመርኩባት" አሉኝ። በዚያ ሳህን ላይ ያለችው ወፍ በእርግጥ ጠርዙን ልትነካ ምንም አልቀራትም።

ከዚህ በኋላ ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ኦርሾያ ቁልፉን አልነጠቀችኝም፤ ክፈቺ ብላም አልተጫነችኝም። እንዲያውም፣ "ወይዘሮ ጊዜላ፣ ከሥራ ያስወጡሻል" አለችኝ። እንደሚያስወጡኝ አውቄ ነው የከፈትኩት። ለጥበቃ ክፍሉ ስላልነገርኩ የማስጠንቀቂያ ደወሉ ጮኸ። የአቧራ ጓንቴን አጥልቄ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ሦስቱም ቃላት በትኬቱ ላይ እንደተጻፉት ነበሩ። እማማ ቴሬዝ አላለቀሱም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ልጃቸው ግን "ጥርስ" የሚለውን ስታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሦስተኛው የሀይዱ ቴሬዝ ሳህን፣ ትልቋ ወፍ ያለችበት፣ በእጄ እንዳለ ኃላፊው በደረጃው እየሮጠ ወርዶ ገባ። እንዳየሁት፣ እንዲያነበው ጀርባውን ወደ እሱ አዞርኩለት። ሳያነብ ሳህኑን ከእጄ ሳበው። እኔ ወዲያው አልለቀቅኩም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ሲስበው ጠርዙ የሣጥኑን ብረት መታና የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስባሪ ወደቀ። በዚያ ጊዜ ወይዘሮ ኦርሾያ መስኮቱ ጋ፣ ከሣጥኑ አራት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ ነበር። ሳህኑን በዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልነካችውም። እጇን ወደ ሣጥኑ አስገብታ በኃይል ወሰደችው፣ ሰበረችውም ተብሎ በሙዚየሙ የቀረበው አቤቱታ እውነት አይደለም።

እማማ ቴሬዝ ጎንበስ ብለው ስባሪውን አነሡ። ወደ ብርሃኑ አዙረው የተሰበረበትን በኩል አዩት። "እስከ ውስጡ አንድ ቀለም ነው፤ በደንብ በስሏል" አሉ። ከዚያም በኃላፊው መዳፍ ላይ አስቀመጡለት። ኃላፊው የዚያን ጊዜ የሳህኑን ጀርባ አየ። ለረጅም ጊዜ ነው ያየው። ነገር ግን የጥበቃ ሠራተኛው ቬንሴል በደወሉ ምክንያት ፖሊስ ጠርቶ ስለነበር ሊያነጋግራቸው ወጣ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡30 ኃላፊው ቤቴ ደወለ። በቃሌ ላይ ጎብኚዋ እጇን አስገባች ብዬ ብቻ ብናገር ሙዚየሙ ስለ ቁልፉ እንደማይጠይቀኝ ነገረኝ። "እትዬ ጊዜላ፣ ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ለማታውቂያት ሴት ብለሽ?" አለኝ። ስድስት ዓመት ዝም ያልኩት ለጡረታዬ ብዬ እንደነበርና ከእንግዲህ እንደማልችል መለስኩለት። ክፉ ሰው ነው አልልም። ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን ያየሁት ያየሁት ነው።

የመግቢያ ትኬቱን ከነጽሕፈቱ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። የሣጥኖቹንም ቁልፍ እንዲሁ። ሣጥኑን በመክፈቴ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲቀበልልኝ አልፈልግም።

መርማሪው ቃሌን አንብቦልኛል። "የባኮ ሚሃይ ሳህን" ብሎ የጻፈበትን ቦታ እንዲያርመው ጠየቅሁት። መዝገብ የሙዚየሙን ካርድ መከተል አለበት አለኝ። ቃሉ የእኔ እንጂ የሙዚየሙ እንዳልሆነ፣ እንደዚያ ተጽፎም እንደማልፈርም ነገርኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ ብዕሩን አንሥቶ ሰረዘው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በአንደበቴ የተነገረና እውነት ነው፤ በማንኛውም ፍርድ ቤት ቀርቤ እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቦይታር ጊዜላ
የመርማሪው ፊርማ፦ ሳጅን ኮርሞሽ ባርናባሽ

ስርዝ ድልዝ፦ አንድ። በምስክሯ ጥያቄ፣ "የባኮ ሚሃይ ሳህን" የሚለው ተሰርዞ "የሀይዱ ቴሬዝ ሳህን" ተብሎ ይነበብ። ሁለታችንም በኅዳጉ ላይ ፈርመናል።