በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተነደፈ ቤት

ጁባ ውስጥ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ ዝናብ ደውሎ አይመጣም። ወይዘሮ መንበረ ከቦዳቦዳው የኪራይ ሞተር ወርደው አንዲት ትንሽ ሱቅ ታዛ ሥር እስኪገቡ ድረስ ነጠላቸውም ጫማቸውም ውሃ ጠጥቶ ነበር። ስለ ራሳቸው መራስ ግን ግድ አላላቸውም። ሐሳባቸው ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ከሸጎጡት ወረቀት ላይ ነበር።

ከታዛው ሥር አንዲት መለሎ ወጣት ቀድማ ቆማለች፤ የአገሩ ልጅ ናት። ወይዘሮ መንበረ እንደ ጨዋ ደንብ በጁባ ዓረብኛ «ሰላም ታኩም» አሏት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ግን ፌስታልዎ ተቀዷል፤ ወረቀቱ እየረጠበ ነው» አለቻቸው ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ።

በአማርኛው ይደነቁ ወይስ በፌስታሉ ይደንግጡ ግራ ገባቸው። ፌስታሉ አሸነፈ። ወረቀቱን አውጥተው በጥንቃቄ ዘረጉት። የሲሚንቶ ከረጢት ተቀዶ፣ ተገልብጦ፣ በእርሳስ አራት ክፍሎች ተነድፈውበታል፤ በሮቹና መስኮቶቹ፣ ከግቢው መሀል ያለው የኒም ዛፍ ሳይቀር። የራሰው ጠርዙ ብቻ ነው።

«ተመስገን! እርሳሱ አልተነካም» ብለው ተነፈሱ።

ተዋወቁ፤ ወጣቷ ቲና ትባላለች። በአራት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ተሰዳ አዲስ አበባ ገብታ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው ምሕንድስና ተምራ ወደ አገሯ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማመልከቻዎችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በሚያዛውረው ክፍል ትሠራለች። ወይዘሮ መንበረ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፤ ጉዳያቸው ሳይፈጸም የተመለሱት ከዚያው ጽሕፈት ቤት ነበርና።

«እንግዲያው የምታመላልሺኝ አንቺ ነሽ» አሏት፣ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በምር።

«እኔ? ምን በድዬ፣ እማማ?»

«ስምንት ወር ሙሉ! ‹ንድፉን ትተሽ ሂጂና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሽ› ይሉኛል። አልተውም እላለሁ። ዛሬ ደግሞ ‹በስልክ ላኪው፣ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል› አሉኝ። ጭራሽ!»

«ለምን አይተዉላቸውም?»

ወይዘሮ መንበረ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ራስ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ሙኑኪ ሰፈር ሳለን የምግብ ቤታችንን ፋይል አንድ ቢሮ አስገብተን እንደ ወጣ ቀረ። ያኔ ባለቤቴ ረታ በሕይወት ነበር፤ ቁጭ ብሎ ሌላ ነደፈ። ግንበኛ ነበር፤ ሲሚንቶው ሲያልቅ ከረጢቱን ቀዶ ነው የሚነድፈው። አሁን ረታ የለም፤ ሁለት ዓመቱ። ይሄ የመጨረሻ ሥራው ነው። ቢጠፋ ማን ይነድፍልኛል?»

የወይዘሮ መንበረን ግትርነት ለመንቀፍ የቸኮለ አንባቢ ቢኖር፣ አስቀድሞ የገዛ መሳቢያውን ይፈትሽ። የሟች እጅ ያረፈበት አንድ ቁራጭ ወረቀት እዚያ ከተገኘ፣ ነቀፋውን ያቆየው።

ይሁንና ጊዜ አይጠብቅም። የመሬቱ ባለቤት፣ ጨዋ ሽማግሌ ቢሆኑም፣ «ለገና በዓል ግንባታ ካልጀመርሽበት የምግብ ቤትሽን ጓሮ ለሌላ አከራየዋለሁ» ብለዋቸው ነበር። አሁን ጥቅምት ነው። ጓሮው ከሄደ ረታ ያሰባቸው የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች ከወረቀት አይወርዱም።

ቲና ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኮምፒውተሩኮ ወረቀቱን አይወስድብዎትም፤ የሚወስደው ምስሉን ነው። ዋናውን ይዘው ቤትዎ ይገባሉ» አለች።

«ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄው አልነበር? ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ።»

«የስልክ ካሜራ ይሻላል፤ መስመሩን አጉልቶ ያወጣዋል።»

«እሺ ይሁን። ግን ልጄ፣ ሰው ፊት አይቶ ያዝናል። ቆሜ ስለምነው ‹አሮጊት ናት› ብሎ ይራራልኛል። መሣሪያ ምን አንጀት አለው?»

«አንጀት የለውም፤ እውነትዎን ነው። ታዲያ ስምንት ወር ፊትዎን ያዩት ምን አደረጉልዎት?»

ወይዘሮ መንበረ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊት አይቶ የሚራራ ሰው ፊት አይቶም ይጨክናል፤ ለአንዱ ሲያደላ የሌላውን ተራ ይወስዳል። በአዲሱ አሠራር ማመልከቻዎ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። ዛሬ ማን ጋ እንዳለ፣ ስንት ቀን እንደ ተቀመጠ በስልክዎ ያዩታል። ያዘገየው ሰው ስሙ ይወጣል።»

«ስሙ?»

«ከነማዕረጉ።»

«እሱስ ደግ ነው» አሉ ወይዘሮ መንበረ፣ ዓይናቸው ላይ ትንሽ ተንኮል ብልጭ ብሎ።

ባለ ሱቁ የሶዳ ሣጥን አውጥቶ አዋሳቸው። ቲና ወረቀቱን በላዩ ዘርግታ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣችው፤ ከዚያም ስልኩን ወደ ወይዘሮ መንበረ አስጠጋች። የእርሳሱ መስመር ቁልጭ ብሏል። ጥግ ላይ ደግሞ በሲሚንቶ አቧራ የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ይታያል።

«ጣቱ!» አሉ ወይዘሮ መንበረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ሲዘረጉና ሲያጥፉ አላዩትም ነበር። እንባቸው መጣ፤ አላፈሩበትም። ቲናም እንዳላየች አላለፈችም፤ እጃቸውን ይዛ ቆየች።

ቀጥላ የግቢያቸውን ቦታ ጠይቃ ንድፉን ስልኳ ውስጥ ባለው የከተማ ካርታ ላይ አሳረፈችው። ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ መንበረ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ኾሩ ላይ ናቸው፤ የክረምት ውሃ መውረጃው ላይ። እንዲህ ሆኖ ፈቃድ አያገኝም።»

«ረታ አይሳሳትም! ዓይኑ ራሱ ውሃ ልክ ነበር!»

«በየትኛው ወር ነደፉት?»

«በየካቲት። ቦታውን እንደ ተከራየን።»

«በየካቲት ኾሩ አቧራ ነው፤ ማንም አያየውም። ዝናቡ ሲገባስ እሳቸው አላዩትም?»

«ዝናቡ ሳይገባ ነው የሞተው» አሉ ወይዘሮ መንበረ፣ ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ።

ሲያባራ ጭቃውን እየረገጡ አብረው ወደ ግቢው ሄዱ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር የገባ ድፍርስ ውሃ የኒሙን ዛፍ ታክኮ፣ ሁለቱ ክፍሎች ሊቆሙበት በታሰበው ቦታ ላይ እየተንፎለፎለ ይወርዳል። ልክ ስልኩ እንዳለው ነበር።

ወይዘሮ መንበረ ቆመው አዩት። «አውቀው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ክረምት አይቼዋለሁ። ‹ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርድ ነው› እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ወረቀቱን ያልተውኩላቸው ይጠፋል ብዬ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። አንዱ አይቶት ‹ተሳስቷል› እንዳይለው ፈርቼ ነው። መልስ መስጠት የማይችል ሰው ሲታረም አንጀት ይበላል።»

«አልተሳሳቱም» አለች ቲና። «ያዩትን በትክክል ነደፉ። ክረምቱን የማየት ዕድሜ አላገኙም፤ ካርታው እሳቸው ያላዩትን ያሳያል፣ ያ ብቻ ነው።»

«እሱም ቢሆን ከውሃ ጋር አይከራከርም ነበር። ‹እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ› ይል ነበር ሁልጊዜ።» ወይዘሮ መንበረ ነጠላቸውን ጨመቁ። «እዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ አስተኝቼ ውሃ ቢወስድብኝ፣ ስሙ የሚነሣው በክፉ ነበር።»

«ክፍሎቹን ከኒሙ ወዲህ ማዞር ይቻላል፤ ቦታው ይበቃል። የሚያርመው ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ነው፤ ዝርዝራቸው እዚሁ አለ፣ የመረጡትን ይጠራሉ። ማረሚያው በሌላ ቀለም በምስሉ ላይ ይሠራል እንጂ የመጀመሪያው መስመር አይጠፋም። ሁለቱም ተቀምጠው ይኖራሉ።» ቲና ስልኩን አየት አድርጋ ጨመረች፤ «ማመልከቻው ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። ‹ንድፉን ያወጣው ማን ነው?› ይላል። ባዶ መተው አይፈቅድም።»

«የሞተ ሰው ስም ይጻፋል?»

«የነደፈ ሰው ስም ይጻፋል፣ እትዬ መንበረ።»

ወይዘሮ መንበረ ፊደል በፊደል እየነገሯት አስጻፉ።

የመረጡት መሐንዲስ ንድፉን አርሞላቸው ማመልከቻው በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን ስልካቸው ጮኸ፤ ፈቃዱ ነበር። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ጽሕፈት ቤት የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለፊርማ ነው። በመሀል አንድ ቦታ ስድስት ቀን ቢቆምባቸው የያዘውን ሰው ስም አይተው ደወሉ፤ በማግሥቱ አለፈ። መሠረቱም ከገና በፊት ተቆፈረ። የመሬቱ ባለቤት መጥተው አዩ፣ መረቁም።

ጎረቤታቸው አቶ ሠርፀ፣ ሆቴላቸው ላይ ፎቅ ለመጨመር ያሰቡት፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ «እኔ እንኳ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ካልሆነ አላምንም» አሉ።

«እኔም እንዲሁ እል ነበር፣ አቶ ሠርፀ» አሉ ወይዘሮ መንበረ፣ ወገባቸውን ይዘው። ደቀ መዝሙር ያገኘ መምህር ይመስሉ ነበር። «ይስሙኝ። ወረቀትዎ ከእጅዎ አይወጣም። ተራዎን ማንም አይነጥቅዎትም። ‹ነገ ተመለስ› የሚልዎት ሰው ስሙ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ግድግዳው ቆሞ ከሚፈርስ፣ ገና በእርሳስ ሳለ ‹ይህ ቦታ ውሃ ነው› ይልዎታል። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው። ፊት ለፊቱም አልቀረም፤ የሚያስረዳ ሰው ከፈለጉ ቲናን አገናኝዎታለሁ።»

አቶ ሠርፀ ጺማቸውን አሻሹ። «እስቲ ቁጥሯን ስጪኝ» አሉ።

ግድግዳው ወገብ ሲደርስ ተቆጣጣሪ መጣ። ወይዘሮ መንበረ እንደ ድሮው ሻይ ሊያቀርቡ ተነሡ። ወጣቱ ግን ሻዩን በትሕትና እምቢ ብሎ፣ አጥሩ ላይ ወደ ተለጠፈው የፈቃድ ኮድ ስልኩን ደገነ። የታረመው ንድፍ ወጣለት። ከኾሩ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ፣ ከስልኩ ጋር አስተያይቶ፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ የንድፍ አውጪውን ስም ጮክ ብሎ አነበበና ዙሪያውን ቃኘ።

«ረታ ፊ ወይን?» አለ። ረታ የት ነው፣ ሊያነጋግረው ፈልጎ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ስም በወይዘሮ መንበረ ጆሮ የገባው በተዝካርና በለቅሶ ቤት ነበር። አሁን አንድ የማያውቀው ሰው በሥራ ቦታ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሀል፣ ለሥራ ጉዳይ ጠራው። ሊያስረዱት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«ፊ ኢኒ» አሉት። እዚሁ አለ። ከዚያም እርጥቡን ግድግዳ በመዳፋቸው ነክተው፣ ገብቶ ሥራውን እንዲያይ በሩ ከሚገጠምበት ክፍተት ገለል አሉለት።