ለተፈረደባቸው የታረደው በግ

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ሕግን ያለ አስተማሪ አንብቤ የተረዳሁ ሰው ነኝ፤ ዳኛ ሲሳሳት እንኳ አውቃለሁ። ከእንፍራንዝ ወደ ጎንደር በሚሄድ አውቶቡስ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ አንድ ሽማግሌ ገበሬን ያነጋግራል።

«አያ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጋር የነበረው ክርክር ምን ደረሰ?»

«ተፈረደልን። ያበላሻችሁትን ወንዝ ራሳችሁ ጥረጉ፣ ዳር ዳሩንም ዛፍ ትከሉ ተባሉ።»

«ሸጋ ፍርድ! መጡ ታዲያ?»

«መጡ እንጂ። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ከነካኪ ልብሱ ጭቃ ሲዝቅ ዋለ።»

«እሰይ! እርስዎ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው አዩልኛ!»

«ምነው? በማሳዬ ዳር ሲለፋ የዋለ ሰው ጦሙን ይደር? በግ አረድሁላቸው።»

«ላሞችዎን በመርዝ ለፈጁት?»

«የቀረችኝም ያችው በግ ነበረች።»

«ኧረ አያ! ቅጣቱ የማን ሆነ ታዲያ?»

«ሥራ አስኪያጁም ይህን አስቦ ነው መሰል፣ ሳጎርሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።»

«ለመሆኑ ውኃው ጠራ?»

«ጠርቷል፣ ተመስገን። የጎረቤቶቼ ከብቶች ይጠጡታል።»

ካሳ መጠየቅ እንደነበረባቸው ሽማግሌውን ላስተምራቸው ዞሬ የነበርሁት እኔ፣ ተመልሼ ወደ ፊት ዞርሁ።