ተራ የማይጠብቀው ባጃጅ

ከከላላ ወደ መካነ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የባጃጅ ሾፌር ኖሯል። ከፊታችን ያሉ አንዲት እናት በስልክ የሚጠሩትን ባጃጆች ቢያመሰግኑበት ገነፈለ። የእኔም ልጅ እንደዚያው በስልክ እየተጠራ ነው የሚሠራው፤ ዓይን እንዳይበላው ብዬ መስታወቱ ላይ ቀይ መሐረብ ያሰርኩለት እኔው ነኝ።

«እኛ ከንጋት ጀምረን ተራ እንጠብቃለን፤ እነሱ ቤታቸው ተኝተው ስልክ ሲጮህ ይነሳሉ!»

«አንተስ ስልክ የለህም፣ ልጄ?»

«ተራ እኮ ሕግ ነው፣ እማማ!»

«ወላሂ፣ ምራቴን ምጥ ሲይዛት ያ ሕግህ ደጃፌ አልመጣም። በስልክ የጠራነው ልጅ ነው ሐኪም ቤት ያደረሳት።»

«ወላድማ እኛም ያለ ተራዋ ነው የምንጭናት!»

«ተራችሁ ድረስ በእግሯ ከመጣችላችሁ ነዋ!»

ሰው ሳቀ፤ እሱ ባሰበት።

«ለትራንስፖርት ቢሮው አመለከትን፤ መመሪያ አልወረደም ይሉናል። እንግዲህ መመሪያውን ዛሬ እኛ እናወርደዋለን!»

«ምን ልታደርጉ?»

«መስታወቱ ላይ ቀይ መሐረብ ያሰረውን ያውቁታል?»

«እንዴ፣ ምራቴን ያደረሳት እሱ አይደል!»

«እሱን ነው። በሽተኛ አለ ብለን ደውለን እናስመጣዋለን። ሲመጣ ተሰብስበን እንሰባብረዋለን።»

«በበሽተኛ ስም? አላህን ፍራ እንጂ!»

«እሱ እኛን መች ፈራ?»

ለልጄ ልደውል ብዬ ስልኬን ከመቀነቴ ፈትቼ አወጣሁና፣ የሰውየው ክንድ ክንዴን ሲነካኝ መልሼ ቋጠርኩት።