ባለቤቱ መጨረሻ ያነባል

የተከበርሽ የወንድማችን ባለቤት፣ የተከበራችሁ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ሰዓታችሁን ለጥገና ሰጥታችሁ ወሬ ይዛችሁ የተመለሳችሁ ደንበኞቹ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር ስታጡ ቆማችሁ ያዳመጣችሁ አንባቢ ወዳጆቹ፤ ፀሐዩን ችላችሁ ስለቆማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ረጅም አልናገርም ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን ሳያችሁ ግን አላስችል አለኝ።

አንዳንዶቻችሁ አታውቁኝም። ከሰዓት ሠሪው ሱቅ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ። በእሱና በእኔ መሐል አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። እሱ ሲያስነጥሰው እኔ ከወዲህ «ይማርህ» እላለሁ። የእኔ መኪና ክር ሲበጥስብኝ እሱ ከወዲያ ስድቤን ይሰማል። ስንት ዘመን እንዲህ ኖርን።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞች ደግ ነበር አሉ። ታጋሽ ነበር አሉ። ይሁን፣ አልቃወምም። እኔ ግን ደግነቱን ልነግራችሁ አልቆምኩም። እኔ በዚህ ሰውዬ እቀና ነበር። ቅናት ስል ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ እንዳይመስላችሁ። እርር ድብን የሚያደርግ ነው። ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ይኸው አብራን የምታነበው ነርስ በልቅሶው እንኳ ቀድማኝ ስታለቅስ አየኋትና አንጀቴ አረረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምናደርግ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቆይማ፣ ሰዓት ሠሪያችንን የምንጠራው እንዲህ ነው፣ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ያወርዳል። ባንኮኒው ላይ የተፈታ ሰዓት ካለ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ ብርጭቆ ይደፋበታል። ከዚያ መጽሐፍ የምንለዋወጠው አራታችን፣ እሱ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩና እኔ፣ ቦርሳችንን እንከፍታለን፤ ሌሎቻችሁ ታዳምጣላችሁ። በሳምንቱ ውስጥ አዲስ መጽሐፍ ያገኘ ሰው አውጥቶ ያሳያል። አዲስ ስል ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ጀርባው የተላጠም ይሁን፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበትም ይሁን፣ እኛ እጅ ላይ አዲስ ከሆነ አዲስ ነው። ያመጣው ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ገና ሳይጨርስ ሁላችንም እጃችንን እንዘረጋለን። ያን ጊዜ እሱ «ቆይማ» ይላል። ስሙ የወጣለት ከዚሁ ነው።

ሕጋችን አንድ ነው፤ ባለቤቱ መጨረሻ ያነባል። ይህን ሕግ ያመጣብን ሹፌሩ ነው። አትደበቅ፣ ከኋላ ቆመህ አይቼሃለሁ። ይህ የአውቶቡስ ሹፌር አንድ ጊዜ አዲስ የገዛውን ልብ ወለድ አስቀድሞ አንብቦት ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳይጨርስልን ገዳዩ ማን እንደሆነ ነገረን። ያልደበደብነው ማታ ወደየቤታችን የሚያደርሰን እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ያመጣ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። ሌሎቹ አንብበው ሲጨርሱ ለእሱ ይመለስለታል። እስከዚያ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያነብ የሚወስነው ግን ባለቤቱ ነው። የእኔ መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቆይማ መጽሐፍ ሲያሳይ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኛ ከቦርሳችን መዥረጥ እናደርጋለን። እሱ በፊቱ ደፍቶ ያስቀምጠዋል። መነጽሩን ያወልቃል። ይጠርጋል። መልሶ ያደርጋል። እኛ ምራቃችንን እንውጣለን። ከዚያ ቀስ አድርጎ ሲገለብጠው የሰው ልብ ይቆማል። ሁልጊዜ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የማይረባ ነገር አላመጣም። እኔ ስፈልገው የኖርኩትን፣ መጽሐፍ ሻጮቹ «ጠፍቷል፣ አትልፊ» ያሉኝን እሱ እንደ ጨው ጣል ያደርገዋል።

«ከየት አመጣኸው?» እንለዋለን።

«መንገድ ላይ አገኘሁት» ይላል።

የትኛው መንገድ? እኔስ በዚያው መንገድ አይደለም እንዴ የምመላለሰው? እኔ መንገድ ላይ የማገኘው የሙዝ ልጣጭ ነው።

ይሄን እንኳ በቻልኩት። ያልቻልኩት ተራውን ነው። ገጹን አንብቦ ሲያበቃ «ነርሷ፣ ቀጥሎ ሹፌሩ፣ ከዚያ ጎረቤቴ» ይላል። ጎረቤቴ የተባልኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ቀጭን ሲሆን፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ጎረቤቴ። ወፍራም ሲሆን፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ጎረቤቴ። ስለ ልብስ ስፌት ታሪክ የተጻፈ መጽሐፍ አምጥቶ እንኳ፣ ስለ ልብስ ስፌት እኮ ነው የምላችሁ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ጎረቤቴ። ሌሎቻችን ተራውን እናቀያይራለን። አንዱ ዛሬ ቢቀድም ሌላው ነገ ይቀድማል። እሱ ንቅንቅ የለም።

መጽሐፉ እኔ ጋ ሲደርስ የነርሷ የእጅ ሳሙና ይሸታል። ስከፍተው ሹፌሩ ምልክት ያደረገበት የአውቶቡስ ቲኬት ጭኔ ላይ ይወድቃል። እነሱ ሲሳሳቁበት የከረሙት ቀልድ ላይ እኔ ስደርስ አብሮኝ የሚስቅ የለም። ምን አድርጌው ነው እላለሁ። ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ። ሱቁን ለአፍታ ሲተው የምጠብቅለት እኔ። ታዲያ ለእሱ እኔ ምኑ ነኝ? ወዳጁ ነኝ ወይስ እንዲያው ግድግዳ የተጋራኝ ሴትዮ? ይሄን ጥያቄ ዘመኔን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ብጠይቀው የማንስ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተከተልኩት። ምን ታዩኛላችሁ፣ ተከተልኩት። ያንን መንገድ ላገኘው ነዋ። ሻሼን እስከ ግንባሬ አወረድኩና ከኋላው ተሰለፍኩ። መጀመሪያ ፀጉር ቤት ገባ። ተቆረጠ፣ ተላጨ፣ ስለ ዓለም ሁኔታ ተወያየ። ቀጥሎ ቲማቲም ገዛ፤ አንዷን ሳያገላብጥ አላለፈም። እግሬ ነደደ። በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ገባ። ሰው ሲሞት ወይ ቤት ሲለቅ ዕቃው የሚወጣው እዚያ ነው። እሱ የቆሙ ሰዓቶችን በሳጥን ይገዛል፤ ለመለዋወጫ። ለካ የግድግዳ ሰዓት ያለበት ቤት መጽሐፍም አይጠፋውም። ሻጩ ደግሞ ሰዓቶቹ እንዳይንገጫገጩ መጽሐፎቹን ከሥር ይጠቀጥቅለታል። ምስጢሩ ይኸው ነበር።

እኔ ከአንድ ቁም ሳጥን ጀርባ ተሸጉጫለሁ። እሱ ዞር እንኳ ሳይል «እዚህ ድረስ ከመጣሽ በዚያ በኩል ያዢልኝ» አለኝ።

ያዝኩለት። ሳጥኑ ወገብ ይቆርጣል። መንገዱን ሙሉ ከውስጥ አንዱ ሞተ የተባለ ሰዓት ይደውላል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። በገዛ ጫንቃዬ የተሸከምኩት መጽሐፍ ዛሬስ ለማን ሊሰጥ ነው? ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ ደፋው። መነጽሩን ጠረገ። ገለበጠው። አነበበ። እኔ ገና ሳይጨርስ እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይማ» አለ። «ነርሷ፣ ቀጥሎ ሹፌሩ፣ ከዚያ ጎረቤቴ።»

ወገቤ እኮ ገና አልተቃናም ነበር። ነርሷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ እሷም ታውቃለች።

እኔም ብድሬን ልመልስ ተነሳሁ። የማንም እጅ ያልነካው፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጹ እርስ በርሱ የተጣበቀ ትኩስ መጽሐፍ ገዛሁ። ቅዳሜ ሲደርስ እንደሱ ደፍቼ አስቀመጥኩት። መነጽር የለኝም እንጂ እጠርግ ነበር። ስገለብጠው ዓይኑ ቦግ አለ፤ አየሁት፣ ቀና። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። መጽሐፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ሙጫው ገና አልደረቀም» አለ። እኔም ተራውን ሳወጣ ድምፄን ጠራርጌ «ነርሷ፣ ቀጥሎ ሹፌሩ፣ ከዚያ ጎረቤቴ» አልኩ። እንዲቃጠል ነዋ።

እሱ ግን ሳቀ። «ጥሩ ቦታ ሰጠሽኝ» አለኝ።

ያሾፈብኝ መሰለኝ። ያን ሰሞን ከግድግዳው ወዲያ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ነፈግኩት።

አንድ ነገር ግን አለ። የእሱን መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ የምመልሰው ለራሱ ነው። ከእኔ በኋላ የቀረው ባለቤቱ ብቻ ነዋ። ባንኮኒው ጋ ሄጄ መጽሐፉን ዷ አደርገዋለሁ። እሱ ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ቀና ሳይል «እሺ፣ ደግሞ ምን አስቆጣሽ?» ይላል። ምን ያላስቆጣኝ አለ? «ይቺ ሴትዮ አእምሮ የላትም ወይ? ይሄ ደራሲ ሰው እንዴት እንደሚያኮርፍ አያውቅም ወይ? አንድ ሙሉ ምዕራፍ ዝናብ ያዘንባል፤ ምነው፣ ገበሬ ነኝ?» እላለሁ። መጨረሻውን አልነግረውም፤ ከዚያ ውጭ ግን የምለው አያልቅም። እሱ ብሎኑን እያጠበቀ «ከዚያስ?» ይላል። ደንበኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። «ከዚያስ?» ይለኛል። የእኔ ሱቅ ክፍት ነው፣ ሰው ቀሚሱን ሊወስድ በሬ ላይ ቆሟል። እኔ ግን አልጨረስኩም።

ትናንት እነሱ ቤት ወንበር ስንደረድር ነርሷ አጠገቤ መጣች። ሌላ ወንበር ፍለጋ ልዞር ስል ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ እኮ ታድለሻል» አለችኝ።

«በምን?» አልኳት። እንዴት ባለ ድምፅ እንዳልኳት መገመት ትችላላችሁ።

«መጽሐፉን ስመልስለት ስለ መጽሐፉ ልንገረው እያልኩ እሄዳለሁ» አለች። «ሁለት ቃል ሳልናገር ‹ቆይማ፣ ቆይማ፣ ለሹፌሩ ስጪው፣ ቶሎ ጎረቤቴ ጋ ይድረስ› ይለኛል። እኔን የሚያስቀድመኝ ፈጥኜ ስለማነብ ብቻ ነው። ያንቺን ካልሰማ እሱ መጽሐፉን አይገልጠውም። እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ ምን ጎደለኝ? ስንት ዘመን በአንቺ ስቀና ኖርኩ።»

የቆይማ ባለቤት በር ላይ ቆማ ሰምታናለች። «እናንተ ደግሞ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ ምን ልበል? ራት ቀርቦ ይቀዘቅዛል። ለምን አመሸህ ስለው ‹ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ጨርሳ መጥታ ነበር› ይለኛል። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እያነበበ ብቻውን ይስቃል። ምን አሳቀህ ስለው፣ ‹እዚህ ጋ ነው የተቆጣችው› ይለኛል።»

ሰማችሁ? ሦስት ሴቶች ወንበር ይዘን ቆመን ሦስታችንም ቅናተኞች። ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ የሰማን ሹፌሩ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ለካ የመጨረሻ አልነበርኩም። ከእሱ ጎን ነበርኩ። ምናለ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ቢነግረኝ? አንተ ሰው፣ ምናለ? ሰዓቱን ሁሉ ከፍተህ ውስጡን ስታይ የእኔን ሆድ እንዴት ሳታይ ቀረህ? ወይስ አይተህ ነው ዝም ያልከኝ? ብነግራት ቁጣዋ ይበርዳል ብለህ ይሆናል፣ አንተ ተንኮለኛ።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት መጨረሻ ያገኘውን መጽሐፍ አልጋው ላይ ሆኖ ነው ያሳየን። ትራሱ ላይ ደፋው። መነጽሩን ልጁ ጠረገለት። የመጀመሪያውን ገጽ ትንፋሽ እያጠረው፣ እያረፈ አነበበልን። ተራውንም አወጣ፤ ታውቁታላችሁ። ነርሷ አነበበችው። ሹፌሩ አነበበው። እኔ ጋ ደረሰ። ትናንት ጠዋት ጨረስኩት። ተናድጄ፣ ብብቴ ሥር ይዤው ልጣላው ወደ ሆስፒታል ስሄድ መንገድ ላይ ስልኩ ተደወለልኝ።

ዛሬ እዚህ ስንመጣ አንዱ ወዳጃችን ቀስ ብሎ «ያ መጽሐፍ አሁን ለማን ያልፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፋት አስቦ አይደለም፣ ልማዳችን ነው። ልቅሶ ላይ ሆናችሁም እጃችሁ እንደሚዘረጋ አውቃለሁ፤ የእኔም ይዘረጋ ነበር። እህቴ፣ መጽሐፉ የቤትሽ ነው፤ ዛሬውኑ አምጥቼ መደርደሪያው ላይ አኖርልሻለሁ። ተራውን ግን አልሰጥም። ለነርሷ አልሰጥም፣ ለሹፌሩ አልሰጥም፣ ይቅር በይኝና ለአንቺም አልሰጥም። ከእኔ ቀጥሎ የሚያነበው እሱ ነው። ቅናተኛ በሉኝ፣ ነኝ።

ወንድሜ፣ መጽሐፍህን ጨርሼዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር አስቆጥቶኛል። ስንት ነገር ነበረኝ የምነግርህ።

ደህና ሁን፣ ጎረቤቴ።