ዋጋ የተጠራለት በር

የምስክር ስም፦ ቢታንያ ይርሳው ወልደጻድቅ
ዕድሜ፦ 27
አድራሻ፦ አሰላ ከተማ፣ ቀበሌ 04
ሥራ፦ ቤቷ ሆና በኢንተርኔት የትርጉም ሥራ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሀሰኖ ጀማል

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ማንም አልጠራኝም፤ ፈርቼ በራሴ እግር መጥቻለሁ።

ላለፉት ሦስት ዓመታት ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች ከአማርኛና ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም ቆይቻለሁ። ዋጋዬ በገጽ ስድስት ዶላር ነው። ጥቅምት 18 ቀን ወንድምአገኝ የሚባል፣ ውጭ አገር እኖራለሁ ያለኝ ሰው አሥራ አንድ ገጽ የፍቺ ፋይል ላከልኝ። ዋጋዬን ስነግረው በአራት ካልሆነ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ጨቀጨቀኝና በአምስት ተስማማን። በፋይሉ ውስጥ የቀድሞ ሚስቱ ነርስ መሰረት፣ ክንዷን በብረት መትቶ እንደሰበረውና ዳግም ካገኛት እንደሚገድላት መዛቱን ገልጻ ለፍርድ ቤት የሰጠችው ቃል ይገኛል። የተረጎምኩት እኔው ነኝ።

ኅዳር 3 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይኸው ሰው እንደገና ጻፈልኝ። «መሰረት ሁሩታ ተመድባ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ፣ ከአሰላ ቅርብ ስለሆነ የተከራየችውን ቤት አጣርተሽ የበሩን ፎቶ ላኪልኝ፣ ስንት ነው የምትጠይቂኝ» አለ። ስሜን፣ ከተማዬንና ስልኬን ያውቃል።

ለምን እምቢ እንዳላልኩ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ፦ አባቴ አቶ ይርሳው ልብስ ሰፊ ናቸው። የማይፈልጉት ሥራ ሲመጣባቸው አልሠራም አይሉም፤ ሰው ይቀየማላ። ዋጋ ይሰቅላሉ፣ ደንበኛው ራሱ ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል። በእኛ ገበያ ይህ ነውር አይደለም። እኔም ይሄድልኛል ብዬ ሁለት መቶ ዶላር አልኩት። በአንድ ዶላር ሁለት ቀን የጨቀጨቀኝ ሰው ወዲያው እሺ አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አምስት መቶ አደረስኩት። እሱም፦

«እሺ። ግን ከኅዳር 10 በፊት ይድረስልኝ፣ እየመጣሁ ነው» ሲል መለሰልኝ።

ስልኬን ዘጋሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። እናቴ ወይዘሮ አሰፋሽ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ራሴን አሞኛል እያልኩ ሰነበትኩ። ዝም ካልኩት ይተወኛል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሁሩታ በሚኒባስ ሄጄ ሴትዮዋን ማስጠንቀቅ ስችል አልሄድኩም፤ የፈራሁት ለራሴ ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬን ስከፍት መልእክት አገኘሁ።

«አንቺ አበዛሽው። እዚያው ያለ ሰው በአሥራ አምስት ዶላር ሠራልኝ» ይላል።

ከሥሩ የአረንጓዴ ቆርቆሮ በር ፎቶ አለ። ከበሩ አጠገብ ገመድ ላይ ነጭ ጋውን ተሰጥቷል። አሥራ አምስት ዶላር እኔ ለሦስት ገጽ የተቀበልኩት ነው። እኔ እምቢ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ተወደደብኝ ብሎ ርካሽ ፈለገ። መልእክቱ የተላከው ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ስልኬን ከነመልእክቶቹ ለፖሊስ አስረክቤያለሁ። የተጻፈው ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ያልሆነ አልጨመርኩም፣ የሚያሳፍረኝንም አልደበቅሁም። ወደ ሁሩታ የፖሊስ መኪና መነሳቱ ተነግሮኛል። ሳጅን ሀሰኖ የመሰረትን ስልክ ከመሥሪያ ቤቷ አግኝተው ሦስት ጊዜ ሲደውሉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ይህን እስከምፈርም ድረስ ስልኩ አልተነሳም።

የምስክር ፊርማ፦ ቢታንያ ይርሳው
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሀሰኖ ጀማል
ሰዓት፦ 3፡45