የ«ሕ» የመሃል እግር

እንጀራዬን ያተረፈልኝ ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ምክር ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሃያ ሁለት አካባቢ የጽሕፈት መኪና መጠገኛ ከፍቼ፣ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ሥራ፣ አንድ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና፣ ያገኘሁ ሰሞን ነው። በጽሕፈት መኪና ቀጭኑም ሰፊውም ፊደል የሚሰጠው ቦታ እኩል ነውና፣ የ«ሕ» ሦስት እግሮች ተጣብቀው «ሕዝብ» በተጻፈ ቁጥር ጥቁር እድፍ ይወጣል። በዚያ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ «ሕዝብ» የሌለበት ደብዳቤ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «እስከ ነገ ካላስተካከልከው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ። ፊደሉን በሞረድ ለመንካት ፈራሁ፤ አንዴ የተፋቀ ብረት አይመለስም።

በማግስቱ ከሾላ ገበያ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። ወንበሩ ላይ ሦስት ሆነን፣ መሃላችን አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጦ መተንፈስ አቃተን። ፊት ለፊታችን ዘንቢል ያቀፉ እናት «ምነው ልጆቼ፣ ቀጭኑ መሃል ቢገባ ሁላችሁም ትተነፍሱ ነበር» አሉ። ቀጭኑ እኔ ነበርኩ። ቦታ በመቀየር ፈንታ «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጄ እስከ ሱቄ ሮጥኩ።

ሞረዱን አንስቼ የመሃሉን እግር ብቻ ፍቄ አቀጠንኩት። ወረቀት አስገብቼ ብመታው ሦስቱም እግሮች ለየብቻቸው ቆሙ። ከደስታዬ ብዛት ገጹን በ«ሕዝብ» እየሞላሁት ሳለሁ ኃላፊው ደረሰ። በአጉሊ መነጽሬ ካየ በኋላ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«እግሮቹ እኩል አይደሉም እኮ።»

«አይደሉም፣ ጓድ» አልኩት፤ «ግን ሁሉም ይተነፍሳሉ።»

ሰው እንዳልሰማን ግራ ቀኙን አየና ማሽኑን አቅፎ ወጣ።